ከገጹ ግርጌ ያለችው መስመር

(ሞጣ፤ ፊደል ያልቆጠሩት አሮጊት እትዬ አትጠገብ ከአባታቸው የወረሱትን የብራና የጥበብ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ የጥንት ዕብራውያንን የጥበብ መጻሕፍት የሚያጠናው የወንድማቸው ልጅ ዶክተር ልዑልሰገድ ጓንት አጥልቆ ከፊታቸው ቆሟል።)

አትጠገብ፦ መጀመሪያ ያን ላስቲክ አውልቅና አናግረኝ። ላም ልታዋልድ የመጣህ ትመስላለህ።

ልዑልሰገድ፦ ብራናው በእጄ ላብ እንዳይጎዳ ብዬ ነው፣ እትዬ። ትናንት ፎቶ አንሳው ብለውኝ አልነበር?

አትጠገብ፦ ትናንት እንደምጠላት አልነገርኩህማ። ገና ሳያት ያቅለሸልሸኛል። አደራ ባይሆንብኝ ይሄኔ አይጥ በልቷት ነበር።

ልዑልሰገድ፦ የጥበብ መጽሐፍ እኮ ነው።

አትጠገብ፦ የማን ጥበብ? ልጅ ሳለሁ አባትህ ፊደል ሲቆጥር አየሁና እኔንም አስቆጥረኝ ብዬ አባቴን ለመንኩት። ነገ ከመጽሐፍ አይቼ እነግርሻለሁ አለኝ። በነጋታው ይቺን ገለጠና፣ ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች የአባቷን ቤት ታፈርሳለች ይላል ብሎ አነበበልኝ። እግዜር እንዲህ ካለ ምን እመልሳለሁ? ከዚያ ወዲህ ከእግዜር ጋር እንደተኳረፍን አለን።

ልዑልሰገድ፦ የቱ ገጽ ላይ?

አትጠገብ፦ እኔ በምን አውቄ? ወደ መጨረሻው ነው። ጣቱን ከታች፣ ከገጹ ግርጌ አድርጎ ነበር ያነበበው።

ልዑልሰገድ፦ እስቲ ያምጡት... አዎ፣ ይኸው። እትዬ፣ ይህ መስመር በዕብራይስጡ የለም።

አትጠገብ፦ እሱ ደሞ ማነው?

ልዑልሰገድ፦ መጽሐፉ መጀመሪያ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ከዕብራይስጡ የተገኘውን የብራና ብጥስጣሽ ሁሉ አንብቤዋለሁ። በግሪኩም የለም፤ ካየኋቸው የግዕዝ ብራናዎችም አንዱ አይለውም። ቀለሙ ራሱ ሌላ ነው። ባዶ ቦታ ላይ በኋላ የገባ ነው።

አትጠገብ፦ ማን አስገባው?

ልዑልሰገድ፦ እኛ እንዲህ ያለውን ጽሕፈት «ያልታወቀ እጅ» እንለዋለን።

አትጠገብ፦ ዓይኔን እያየህ ተናገር።

ልዑልሰገድ፦ ...ለደብሩ የዜማ መጽሐፍ የገለበጠው እጅ ነው። የአያቴ፣ የአባትዎ።

አትጠገብ፦ ነገ እነግርሻለሁ ያለኝ ዕለት ሌሊቱን ኩራዙ ሲበራ አደረ። እኔ ሞኟ ስለ እኔ የሚጸልይ መስሎኝ ተኝቼ። እንትፍ። ይሄን ሁሉ ዘመን እግዜርን ያኮረፍኩት ላላለው ነገር ነው?

ልዑልሰገድ፦ ይፋቅ ካሉኝ ግን አልችልም። እኛ እንዳለ ነው የምናሳትመው። እውነት አይደበቅም።

አትጠገብ፦ ማን ይፋቅ አለህ? አሳትመው። ማን እንደጻፈውም አብረህ ጻፍ።

ልዑልሰገድ፦ እሱን እንኳ... ያልታወቀ እጅ ብለው ይበቃል።

አትጠገብ፦ ታውቀው የለም እንዴ?

ልዑልሰገድ፦ አያቴ ናቸው፣ እትዬ። አገሩ በስማቸው ይምላል። የሴቶቹ ትምህርት ቤት እንኳ «አለቃ ወልደ ሰንበት» ተብሎ የተሰየመው በሳቸው ነው።

አትጠገብ፦ የሴቶቹ? አሁንስ አስታወከኝ። በል መጽሐፌን መልስ፤ ጓንትህን ይዘህ ሂድ። አሁን እውነት አይደበቅም ያልከው አፍህ ሳይደርቅ ይሄን ትለኛለህ? አባቴስ የዋሸው ፊደል ለማታውቅ ልጅ ነው። አንተ ግን ለሚያነብ ሰው ሁሉ ልትዋሽ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ...እሺ። ወልደ ሰንበት ብዬ እጽፋለሁ።

አትጠገብ፦ «አለቃ» የምትለዋን እንዳትዘላት።