ከመጀመሪያው ጀምሮ

በየሳምንቱ ውሎዬን እየጻፍኩ ለወዳጆቼ በኢሜይል የምልካት ኒውስሌተር አለችኝ። ጡረታ የወጡት የድሮ ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰም በቅርቡ ተመዝግበዋል። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሽሮ ሜዳ ጋቢ ስንመርጥ አገኙንና፣ ገና ሰላም ሳይሉኝ «ጥርስህ ተሻለህ?» አሉኝ። ጥርሴን ያመመኝ ከማግባቴ በፊት ነው። ግራ መጋባቴን አይተው «የድሮ ጽሑፎችህን እያነበብኩ ነው እኮ። ድረ ገጹ ላይ አንድ ቁልፍ አለች፣ ስትነካት ከመጀመሪያው ጀምሮ ትደረድርልሃለች» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ያለችው የፋርማሲዋ ልጅስ? እሺ አለችህ?»

ባለቤቴ ፋርማሲ ሠርታ አታውቅም፤ አስተማሪ ናት። ጆሮዋ ደግሞ ክፍል መጨረሻ ወንበር ላይ የሚንሾካሾከውን ሁሉ ይሰማል። ቶሎ ብዬ «ጋሼ፣ አዲሶቹን ቢያስቀድሙ ይሻላል፣ እዚያ ላይ እኮ ሠርጌ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተው፣ መጨረሻውን እንዳትነግረኝ። ራሴ እደርስበታለሁ።»

ባለቤቴ የያዘችውን ጋቢ አስቀመጠች፤ ስልኳን አወጣችና ፈገግ ብላ ጋሽ ታደሰን ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ያቺ ከመጀመሪያው የምትደረድረዋ ቁልፍ የቷ ናት?»