ታሪክ ያስተማሩን አከራይ

እትዬ ፍቅርተማርያም፣ እንደምን ዋሉ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የዚህ የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ የብሬብሩክ ብርድ እኮ ሰው አይምርም… ይቀመጡ፣ ወጡን እኔ እጨልፋለሁ። ለማኅበራችን የዛሬውን ንግግር ያደረጉልን ትልቅ ሰውም ከኋላዎ ተሰልፈዋል፤ አይዙሩ። እንደኛው ሳህን ይዘው… ትሕትና እኮ ነው።

ንግግሩንስ ወደዱት? ጥቁር ሰው ከመሬቱም፣ ከደሞዙም፣ ከቤቱም እየተገፋ እንዴት ደሃ እንደተደረገ… እኔማ የስልኩ ታሪክ ላይ ሲደርሱ እንባዬ መጣ። ጥቁሩ ሲደውል "ቤቱ ተይዟል"፣ ነጩ ሲደውል "መጥተህ እየው"። መጽሐፍ ብቻ አንብቦ እንዲህ አጥርቶ ማወቅ ይቻላል? ልምድ ካልታከለበት…

እኔና ባሌ ኃይለአብ ሰንሻይን ዌስት ሰፈር አንድ ቤት ለመከራየት አፕላይ አድርገን አልነበር? የቤቱ ባለቤት የኛው ሰው ሆነው ተገኙ። ዘመድ ከዘመዱ ብለን ደስ አለን፤ አህያዋ እኛ እንደሆንን መቼ አወቅን። በእህቴ የፊትዝሮይ አፓርታማ ውስጥ ከሁለት ልጅ ጋር ከታጨቅንባት ክፍል ልንወጣ ነው አልን። አከራዩ ኤጀንት እንኳን አልላኩብንም፤ ራሳቸው ደወሉ። "እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽ፤ የኛ ሰው ሽንኩርት ሲያቁላላ ሽታው ምንጣፍ ውስጥ ይገባል።" የድሮዎቹ ፈረንጆች "ተይዟል" ብለው ይዋሹ ነበር፤ እኚህ ግን እውነቱን ነገሩኝ። ይህም እድገት ነው… አይደለም እንዴ?

ቤት ለእንግዳ ሲባል የትኛው እንግዳ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አሁን ሁለት ፈረንጆች ከነውሻቸው ገብተውበታል። ውሻ ሽንኩርት አያቁላላማ።

ማን ናቸው አይበሉኝ፤ ስም ማንሳት አልወድም። ድምፃቸው ግን ከስልክ ይልቅ በማይክሮፎን ያምራል።

አልከፋኝም ብዬ አልዋሽዎትም፤ የዚያን ቀን ልጆቼን እዚያችው ክፍል አጣብቄ አስተኛሁ። ዛሬ ግን ተጽናናሁ። ቤት ባያስገቡንም ታሪክ ውስጥ አስገብተውናል።

ደረሱ መሰለኝ… እትዬ፣ እስቲ ሳህናቸውን ያቀብሉኝ። ልጨምርላቸው እንጂ፣ ስለኛ ሲደክሙ ውለው። ለከረባታቸው ብቻ እንዲጠነቀቁ ይንገሩልኝ፤ ሽታው ይገባል ይላሉ።

ምን ያለ ሰው ነው ግን የሰጠን? እድሜና ጤና አይንፈጋቸው። ልጆቻቸውም አድገው ቤት ፍለጋ ሲወጡ፣ ልክ እንደ አባታቸው ያለ፣ ወገኑን የሚያውቅ አከራይ ይስጣቸው።