ዜሮ ወፍ

እንደምን አደርሽ እታለም? የጣቶችሽ ቁርጥማት ተወሽ ወይ? … እኔማ ሻይ ልቅመስ ብዬ ነው የገባሁት። ቦቲዬን በር ላይ አውልቄያለሁ፣ ምንጣፋችሁን ጭቃ እንዳላስነካው። አለቃሽ ውስጥ ናቸው? እንኳን ኖሩ። በሩን ግን ለምን ትዘጊዋለሽ? ተይው ገርበብ ይበል። ሥራ የበዛበት ሰው ነፋስ ያስፈልገዋል።

የረግረጉን ሪፖርት ነው የምትተይቢው? … አይ፣ አላነብም፣ መነጽሬንም አልያዝኩ። ብቻ ዜሮዋ ደምቃ ታየችኝ። «በጥብቅ ስፍራው የታዩ የውሃ ወፎች ብዛት፦ ዜሮ።» እንዴት ያለች ክብ ናት በይ! እንቁላል ነው የምትመስለው።

እኔ መቼም ያልተማርኩ ጥበቃ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ደንገሉ ውስጥ ተጎልቼ ስቆጥር አንድም ቀን ዜሮ አልመጣልኝም። ዳክዬው ብቻ መቶ ሲያልፍ ይምታታብኝና እንደገና እጀምራለሁ። ምን ላድርግ፣ ቆጠራ አልችልበትማ። የተማረ ሰው ግን… አንድ ሰው አለ። አለቃችን አይደሉም፣ እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ይሆንላቸዋል? ብቻ አንድ ሰው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ለቆጠራ በመኪና መጣ። የረግረጉ በር ላይ ሲደርስ ክላክሱን ነፋው። አንዴ ቢሆን ደግ፤ እኔ ሮጬ እስክከፍትለት ሦስቴ። ሰማዩ በክንፍ ጠቆረልሽ! ዳክዬው፣ ሽመላው፣ እንቁላሏን ታቅፋ የነበረችው ሳትቀር ብድግ ብለው ሄዱ። ከዚያ ሰውየው የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ውሃውን አየ፤ ጸጥ ብሏል። ጻፈና ተመለሰ። ጫማው ላይ የጭቃ ጠብታ የለም፣ ንጹሕ ሰው ነው ስልሽ።

በኛ ጊዜ «ያየ ይናገር» ነበር የሚባለው። ዘመኑ ተሻሽሎ «ያባረረ ይመስክር» ሆነ አይደል? ትሕትናውስ ብትይ! ሌላው ያን ሁሉ ወፍ ባንድ ጊዜ ቢያስነሣ አገር ምድሩን በጉራ ይሞላው ነበር። እሱ ስለ ክላክሱ አንዲት ቃል እንኳ አላሰፈረም።

ሪፖርቱ ዛሬ ከሰዓት ተፈርሞ ይሄዳል አሉ። «መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተስማሚ ነው» ተብሎ። ሰኞ ደግሞ ገልባጭ መኪኖቹ መጥተው አፈር ይደፉበታል። እኔን እንደሆነ አይቆጨኝም… አይ፣ ምን ያዋሸኛል፣ ያንገበግበኛል። ጠዋት ጠዋት የት ሄጄ እንደምቆም እንኳ አላውቅም።

እሱስ ይሁን፣ የኔ ነገር ምን አላት። ግን ክረምት ሲገባ የከተማውን ጎርፍ የሚውጠው ይኸው ረግረግ አይደል? ሆዱን በአፈር ከሞሉበት ውሃው የት ይደር? ቁልቁል ነዋ፣ ከረግረጉ ግርጌ ያሉት አዲሶቹ ቤቶች ዘንድ። ለመሆኑ ያ ሰው ቤቱን ጨረሰ? እዚያው ግርጌ ላይ የሚያሠራውን? ሳሎኑ ሰፊ ነው ይላሉ፣ እናቱንም ሊያመጣ ነው አሉ። ታድሎ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ደግሞ እሱ አጥንቶታል…

ምነው፣ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ? ነፋሱ ይሆናል።

እኔማ ነገ ጎህ ሲቀድ በእግሩ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ትርፍ ቦቲ አለኝ፣ ልኩ ነው። አንድ ላይ እንቆጥር ነበር፣ እኔ ሲምታታብኝ እሱ እያረመኝ። ግን ሥራ ይበዛበታል፣ ዛሬ የሚፈርመው ወረቀት አለው።

በይ ልሂድ፣ ለሻዩ እጅሽን ያለምልመው። ሳልመርቅ ብወጣ ነውር ነው፤ አሜን እያልሽ ስሚኝ። ያን ሰው እግዜር ይባርከው። ቤቱን ይጨርስለት፣ ከነልጆቹ ከነእናቱ በሰላም ይግባበት። ክረምት ከበጋ ከዚያ ቤት አይንቀለው። ያባረራቸው ወፎችም ቂም ሳይዙ ሳሎኑ ድረስ ይምጡለት፤ ያን ጊዜ ተረጋግቶ፣ ካልጋው ሳይወርድ ይቆጥራቸዋል።