ማርኬ በዛ ያለችኝ ልጅ

ነቀምቴ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ። ማርክ ይጨምሩልኝ የሚል ተማሪ ሰልችቶኛል። ባለፈው ግን አንዷ በዛብኝ ብላ መጣች። የፈተና ወረቀት መልሼ ከክፍል ስወጣ፣ ለሊሴ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ተከተለችኝ። ከአንገር ጉቲን መጥታ ባኬ ጃማ ሰፈር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። «ቲቸር፣ ሰማንያ ሁለት ብለውኛል። ድምሩ ተሳስቶ እንዳይሆን፤ የእኔ ማርክ እንደዚህ ሆኖ አያውቅም» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር ግድግዳውን ተደግፌ እፊቷ ደመርኩት። ልክ ነው። «እንዴት ነው ያጠናሽው?» ስላት ደብተሯን ሰጠችኝ። እያንዳንዱን ጥያቄ በእርሳስ ትሠራዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ እዚያው ላይ እንደገና ትሠራዋለች። ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል።

«ጎበዝ ልጅ አንዴ ሠርቶ ይገባዋል» አለች። «እኔ አራት አምስቴ ካልሠራሁ አይገባኝም። ይሄ ጉብዝና ነው እንዴ?»

«ጉብዝና ማለት እሱ ነው» አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። «ለማንኛውም አጠገቤ ከተቀመጡት ልጆች ወረቀት ጋር ያመሳክሩት፤ ኮርጃለች እንዳይሉኝ» አለች።

«አያስፈልግም፣ አምንሻለሁ።»

ይሄኔ ፊቷ ፈታ አለ። «ገለቶማ ቲቸር» ብላ አመስግናኝ ሄደች። እኔ ግን ከግድግዳው አልተነሳሁም። በዋዜማው ሳርም ያቺን ሰማንያ ሁለት ከመጻፌ በፊት፣ ግራና ቀኟ ከተቀመጡት ልጆች ወረቀት ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሬው ነበር።