ግመሉ በእንግሊዝኛ ምን ሆነ?

— ሄሎ… መድኃኒት ቤት ነው። ዝግ ነን፣ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ ይደውሉ… አዎ፣ መድና ነኝ፤ ማን? … ኢስማዒል? … አንተ፣ በዚህ ፀሐይ ድሬ ላይ ስልክ ይደወላል? እዚህ ከዚራ ውሻው እንኳ ጥላ ይዞ ተኝቷል።

— ጋሽ ገብረ መድኅን፣ እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ይተኙ፤ ስልኩ የኔ ነው። … አይ፣ በሽተኛ አይደለም። ለጊዜው።

— እሺ፣ ቀስ ብለህ ንገረኝ… ግመል? … መልካ ጀብዱ፣ እናንተ የእርዳታ መጋዘን ግቢ? … አጥሩን ጥሶ? … የወተት ዱቄቱን ከረጢት ሁሉ… የመኪናውንም መስታወት… አላህ ይጠብቀን። ሰው ተጎዳ? … ዘበኛው ዛፍ ላይ ወጣ። ደግ አደረገ። … እስካሁን አልወረደም?

— ፈረንጁ አለቃህ ምን አለ? … ምንም አላለም፣ ግን ዓይኑን ጥሎብሃል። ገባኝ። ወተቱን ሸጠህ በግመል የምታሳብብ መስሎታል። … እስከ ማታ የሆነውን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ካላየ ለበላይ ያሳልፈዋል። … የእርዳታ ወተት ጠፋ ተብሎ አብዮት ጥበቃ ጆሮ ከገባማ… ተው፣ በስልክ አትጨርሰው።

— አብሽር። ትሰማኛለህ? … አብሽር አልኩህ፣ እኔ እያለሁ በእንግሊዝኛ ምክንያት አትታሰርም። ምን ብለህ ጻፍክ? … «ካሜል ኢዝ ክሬዚ»? … ይኼን የጻፈ ሰውዬ ይታሰር ወላሂ። ክሬዚ እኮ ከረሜላ ለሚወድ ልጅም ይባላል።

— ስማኝ። አሞክ የሚባል አለ። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ነው፤ አንዱ ድንገት ተነሥቶ ያገኘውን ሁሉ እየወጋ ሲሮጥ ነው። ብቻውን አይቆምም፣ «ራን» ይቀድመዋል። ለዝሆንም ብለውታል፣ ለግመል አያንስም። … በርሰርክ አለልህ። የድሮ የሰሜን ተዋጊዎች፣ የድብ ቆዳ ለብሰው ጋሻቸውን የሚነክሱ… አዎ፣ የገዛ ጋሻቸውን። እሱ ከ«ዌንት» ጋር ነው የሚሄደው። ፍሬንዚ ደግሞ ውስጥ ውስጡን የሚፈላው ስሜት ነው፤ ደቻቱ ወንዝ ሳይሞላ በሐረር በኩል ሰማዩ ሲጠቁር እንደምታየው።

— ለመሆኑ ግመሉን ምን ነካው? … ወንድ ነው? … ወቅቱ ደርሶበት አረፋ ሲደፍቅ፣ ሌላ ወንድ ግመል አምጥተው ከሴቶቹ አጠገብ አሰሩ? … ዓይኑ እያየ? … ታዲያ ምን ይጠበቃል? ግመሉ ልክ ነው። … አልሳቅሁም። በርሰርክ ብለህ ጻፍ፣ የሚገባው እሱ ነው።

— ቆይ… ምንድነው የሚንኳኳው? … ስልኩ አይደለም። ታክ ታክ ታክ የሚለው። … ኢስማዒል፣ ይኼ ታይፕ ነው። በዚህ ሰዓት ታይፕ የሚመታው ማን ነው? … ማን? … ሸፊቃ። … አውቃታለሁ። ከአዲስ አበባ የታይፕ ሰርተፍኬት ይዛ የመጣችው። ከመድኃኒት ቤታችን ወጥታ ከሄደች በኋላ ሽቶዋ ተቀምጦ የሚቀረው። … ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።

— አቦ፣ ድሬ በዚህ ሰዓት የማይተኛ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ያለ ነው። ሌላውን አልነግርህም፣ ጋሽ ገብረ መድኅን አልተኙም። … ሥራ። ሥራማ ነው። ዐርብ ሽማግሌዎችህ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ አንተ ዛሬ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሥራ ላይ ነህ። … በሩ ክፍት ነው? … ወንበሯ የት ነው? … ማዶ። የምን ማዶ? የጠረጴዛው ወይስ የክፍሉ?

— ምን አለች? … ድገመው። … በርሰርክ አይበቃም አለች? … ራምፔጅ? … እንዲህ የሚባል ቃል የለም። … የለም አልኩህ። እኔ የማላውቀው ከሆነ የለም። … በምን ፊደል ነው የሚጀምረው? … በአር።

— ቆይ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው። እያሰብኩ ነው። ማሰብ ተከለከለ እንዴ?

— ጋሽ ገብረ መድኅን፣ ቀስ ብለው ይመልሱልኝ፣ ኢስማዒል እንዳይሰማ። ለክኒን መጠቅለያ ከገዙት ወረቀት መሀል ያቺን እንግሊዝኛ የተማርኩባትን ዲክሽነሪ ሳወጣት፣ ከ«ኤን» ፊደል ወዲያ ያለውን ክኒን ጠቅልለውበት ጨርሰውት ነበር አይደል? … አንዲት ቅጠል እንኳ የለችም? … የፈለግሁት አርን ነበር። … ይተኙ።

— ኢስማዒል፣ ስልኩን ስጣት። … አልሰድባትም። … ስጣት አልኩህ።

— ሄሎ። መድና ነኝ። … እንደምን ዋልሽ። … ደውል ያልሽው አንቺ ነሽ? … ለምን? … ጠዋት ሙሉ ስሜን ሲያነሣ ነበር? … «መድና ያላየችው እንግሊዝኛ አይታመንም» አለ? … እህ። … አጠገብሽ ነው? … ዘበኛውን ከዛፍ አውርድ በይና ላኪው።

— ወጣ? … በሩን አትዝጊው። አሁን ንገሪኝ፣ ራምፔጅ ከምን ጋር ነው የሚሄደው? … «ዌንት ኦን ኤ»። … ለእንስሳም፣ ለሕዝብም። … ከቦታ ቦታ እየዞረ ካልሰበረ አይባልም። በርሰርክ ንዴቱ፣ ራምፔጅ ጥፋቱ። … ገብቶኛል፣ ድገሚልኝ አላልኩም። … ፈረንጁ ማየት የሚፈልገው ጥፋቱን ነው፣ እውነትሽን ነው። … እንዲህ ምቺው፦ ግመሉ ዌንት በርሰርክ፣ ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ ዌንት ኦን ኤ ራምፔጅ። ሁለቱም ይግቡ። የኔ ይቀድማል። … ኩራት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ይቀናል፣ ከዚያ ይሰብራል።

— ዲክሽነሪውን ከየት አመጣሽው? … የአባትሽ። … ሙሉ ነው? … እስከ ዜድ? … ሽፋኑም አለ? … አይ፣ ምንም አልሆንኩ። እዚህ ይሞቃል።

— ስሚ ሸፊቃ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ከዚራ መድኃኒት ቤቱ ነይ። … አዎ፣ ሰው ሲተኛ። አንቺም እንደኔ የማትተኚ ነሽ መሰለኝ። እሱን መጽሐፍ ይዘሽ ነይ። … ከከበደሽ የፊተኛውን ግማሽ ቀደሽ ተዪው፣ እኔ የምፈልገው ከኤን ወዲያ ነው። … ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ለሱም ትንፍሽ እንዳትዪ። … ሽቶውንም እዚያው ተዪው።

— ተመለሰ? … አይ፣ ስልኩን አትስጪው። «መድና ሂድና ቤትህ ተኛ አለችህ» በይው። … «ቤትህ» የምትለዋን ጠበቅ አድርጊያት። ዘጋሁ።