ነገ በማለዳ

ከባቡር ጣቢያ ወደ መጋላ ሰፈር በሚሄደው ጋሪ ላይ፣ ክረምቱን ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣትና ሊቀበሉት የመጡት አጎቱ ከፊቴ ተቀምጠዋል።

«ትምህርቱስ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው ጋሼ። ሰዎቹ ግን ይገርማሉ። ያረፍኩባት ሴትዮ እራት እየበላች ወንድሟ መሞቱን በስልክ ነገሯት።»

«እህል አፏ ውስጥ እያለ?»

«አዎ። ከእኔ በቀር አጠገቧ ሰው አልነበረም።»

«ሽማግሌ እንኳ ሳይልኩ?»

«ሳይልኩ። እኔው አብሬያት ሳለቅስ አመሸሁ።»



«ዛሬ እኛ ቤት ታድራለህ።»

«አቦ ጋሼ፣ እማዬን ሳላይ?»

«ነገ በማለዳ አብረን እንሄዳለን። ዘመድ ሁሉ ይመጣል።»

«ደህና ናት አይደል?»

«መጀመሪያ እህል ቅመስ፣ ልጄ።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ጋሪው ሲያልፈው ዝም አልኩ።