ሰልሚያን የሚያውቃት ሰው

አቶ ጀማሉ ጉብሬ ላይ ከሚኒባሱ እንደወረዱ በብብታቸው የያዙትን ፖስታ ሁለት ጊዜ ዳሰሱት። ቡታጅራ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት ዛላ በርበሬ የነገዱ ሰው ናቸው፤ ያላዩትንና ያልዳሰሱትን ነገር አያምኑም። ፖስታው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ደግሞ ከአንድ መጋዘን በርበሬ ይልቅ ያሳሰባቸው ነበር። ልጃቸው ሰልሚያ አዲስ አበባ ለሚገኝና የጥቂት ተማሪዎችን ሙሉ ወጪ ችሎ ለሚያስተምር አንድ ኮሌጅ ልታመለክት ነው። ኮሌጁ ሦስት የትምህርት ዓይነቶችን በቅደም ተከተል እንድትመርጥ፣ ስለ እርሷ የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎችንም እንድታቀርብ ጠይቋል። ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ምርጫውን ራሳቸው አቶ ጀማሉ ወስነውታል። አንደኛ ሕክምና፣ ሁለተኛ የጥርስ ሕክምና፣ ሦስተኛ ፋርማሲ። ለምን ቢባሉ ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አጥር የሚጋሯቸው የጨርቅ ነጋዴው አቶ አብዱልሃፊዝ ናቸው። አብዱልሃፊዝ ልጃቸውን ዑመይርን ሕክምና ካስገቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት «ዶክተራችን ደወለ»፣ «ዶክተራችን ጨው ቀንሱ ብሏል» የማይባልበት ቀን አልነበረም። አንድ ጊዜ አቶ ጀማሉን ራስ ምታት ይዟቸው አብዱልሃፊዝ «ዶክተራችን የሚያዘው ይሄን ነው» ብለው ክኒን በአጥር ቢያቀብሏቸው፣ አመስግነው ተቀበሉና ዘወር ብለው ጣሉት። ሲመሽም ከነራስ ምታታቸው ተኙ።

ቅናት ያደረበት ሰው አያይም ማለት አይደለም። አቶ ጀማሉ በአብዱልሃፊዝ በር በቀን ስንት እንግዳ እንደሚገባ ያውቃሉ። የራሳቸው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ በአያቷ እርሻ ላይ ስለሚጠወልገው በርበሬ ሦስት ደብተር ጽፋ መሙላቷን ግን ልብ አላሉትም።

በዚያን ቀን ጉዟቸው ወደ ወልቂጤ ነበር። ሁለተኛውን ደብዳቤ እዚያ ካለ ደበሌ ከሚባል የቢሮ ኃላፊ ሊቀበሉ ነው። የመጀመሪያውን ግን የጉብሬው ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያሉ ኮፒ ቤቶች እንዲህ ያለውን ያውቁበታል ስለተባሉ ስካን ሊያስደርጉ ጉብሬ ወረዱ።

የኮፒ ቤቷ ባለቤት ዛህራ ደብዳቤውን ማሽኑ ላይ ልታስቀምጥ ስትል ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ልጅዎ ሥራ ለቃ ነው?»

«ምን ሥራ? ተማሪ ናት እንጂ! ገና አሥራ ሁለተኛን መጨረሷ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለችና አነበበችው። «‹ሰልሚያ ጀማሉ በድርጅታችን በቆየችባቸው ጊዜያት በምስጉን ጠባይ ያገለገለች ሲሆን፣ በስሟ የወሰደችውን ንብረት ሁሉ አስረክባ በገዛ ፈቃዷ መልቀቋን እናረጋግጣለን።›»

ወረፋ የሚጠብቁት ተማሪዎች ሳቁ። አቶ ጀማሉ ግን አልተበገሩም።

«ጽሑፉን ተይው፣ ልጄ። ማኅተሙን እይው! የመርካቶው ትልቁ ነጋዴ የአቶ ሰይፉ ማኅተም ነው። የእሱን ማኅተም አይቶ በር የሚዘጋ ሰው የለም።»

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ጀማሉ» አለ ከኋላቸው የሚያውቁት ድምፅ።

ዞር ቢሉ ዑመይር ነው። በሩቅ አገር ሕክምና ይማራል የተባለው ዑመይር፣ የዚህን ግቢ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሊያስጠርዘው የያዘውን ወረቀት ታቅፎ ቆሟል።

«ወዐለይኩም አሰላም... ዶክተር! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ወጣቱ መታወቂያውን ሊሸፍን እጁን አነሣና መልሶ ተወው። «ካዩኝስ ወዲያ መደበቁ ምን ይጠቅመኛል? ይምጡ፣ እዚያ ጥላው ጋ እንቀመጥ።»

ከኮፒ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ጭማቂ ቤት ተቀመጡ። ዑመይር ነገሩን ሳያስረዝም ነገራቸው። ሕክምናውን ከጀመረ በኋላ መቀጠል አቅቶት ወጥቷል። ባለፈው ዓመት እዚሁ ስታቲስቲክስ ከሥር ጀምሯል። ሁለት ዓመት አጥቷል። አባቱ አያውቁም።

እዚህ ላይ የአቶ ጀማሉን ልብ እንደነበረ መናገር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነው። እንዲያውም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቷቸው አያውቅም። «ዶክተራችን» የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ ባዶ ጆንያ ሆኖ ታያቸው። ቀጥሎ ግን ዑመይር ጭማቂውን ሳይነካ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር አዩት። ልጅ ሳለ መጋዘናቸው ውስጥ የሰልሚያ የድብብቆሽ ጓደኛ የነበረው ያ ልጅ ነው። ደስታው አፋቸው ውስጥ መረረ።

«ካልወደድከው ለምን ገባህ ታዲያ?»

«አባቴ ናቸዋ የሞሉልኝ። እርስዎ ፎቅ ቤት ማሠራት የጀመሩ ሰሞን ነው። ‹ጀማሉ ፎቅ ከሠራ እኔ ሐኪም እሠራለሁ› አሉ። ቅጹ የተሞላው ያን ዕለት ነው።»

«በእኔ ፎቅ?»

«በእርስዎ ፎቅ።»

አቶ ጀማሉ ሦስት ዓመት ሙሉ አብዱልሃፊዝ በእርሳቸው ቀንተው በሠሩት ሐኪም ሲቀኑ ኖረዋል ማለት ነው።

«እንግዲህ የእኔዋ እንዳንተ አይደለችም» አሉ የኮሌጁን ማመልከቻና የመረጡላትን ትምህርት ከነገሩት በኋላ። «ጎበዝ ናት፤ ሕክምና አያቅታትም።»

«አያቅታት ይሆናል። ትወደዋለች ወይ?»

«አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው! ምን የምትወደውን ታውቃለች? አባት የሚያየውን ልጅ አያይም።»

«ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰልሚያ ከትምህርት ቤት መልስ የት ነው የምትውለው?»

«አያቷ እርሻ ነዋ። ‹አጠውልግ በሽታ ስንተኛው መስመር ላይ ገባ? ከዝናብ በኋላ ነው በፊት?› እያለች ስትጽፍ ነው የምትውለው። ጫማዋ ጭቃ ነው ሁልጊዜ።»

«ማንም ሳያዛት ነው?»

«እኔማ ተይ ነው የምላት!»

«እንግዲያው የምትወደውን ነገሩኝ። እርስዎ ተይ እያሏት ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ይህንኑ በትምህርት የሚያስተምር የእፅዋት ሳይንስ የሚባል ክፍል አለ።»

«ገበሬ ልትሆን ነው በለኛ! አብዱልሃፊዝ ይሰማል፣ ይስቃል።»

«አባቴ ቢስቁ ለአንድ ቀን ነው። እርሷ ግን አራት አምስት ዓመት ልትማረው ነው፤ ከዚያም ዕድሜ ልኳን ልትሠራው።»

አቶ ጀማሉ ነገሩን ወደ ሌላ መለሱት።

«ይሁን፤ የአቶ ሰይፉን ደብዳቤ ግን አትንካብኝ። ዋስ ሲጠራ ትልቅ ሰው ነው የሚጠራው። ማንንስ ላስመስክር? ኮሳሳ መምህር?»

«አቶ ሰይፉ ከእርስዎ በርበሬ ይገዙ የለም? ሊገዙ ሲሉ ስለ በርበሬው ማንን ይጠይቃሉ?»

«እኔን ነዋ!»

«ቡታጅራ ከእርስዎ የሚበልጥ ሀብታም፣ ከእርስዎ የሚበልጥ ባለሥልጣን ጠፍቶ ነው?»

«ባለሥልጣኑ ስለ በርበሬ ምን ያውቃል? ዛላውን ያየሁት፣ የሰበርኩት፣ ያሸተትኩት እኔ!»

ይህን ተናግረው ሲጨርሱ አቶ ጀማሉ የገዛ ቃላቸው ተመልሶ ሲመጣባቸው ታወቃቸው።

«ኮሌጁም የሚጠይቀው እንደዚያ ነው» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ። «እኔም አመልክቼ ስለነበር ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። ለመስካሪው በኢሜይል ነው የሚልኩለት። ‹ከመቼ ጀምሮ ታውቃታለህ? ስትሠራ ያየኸውን አንድ ነገር ንገረን። ድክመቷ ምንድን ነው?› ይላሉ። አቶ ሰይፉ ምን ብለው ሊመልሱ ነው?»

«ድክመት? ለሰው እመሰክራለሁ ብሎ ነውሩን የሚያወጣ አለ?»

«አምና ከእንሴኖ ያመጡት በርበሬ ከሥሩ ዝናብ ነክቶት ነበር። አቶ ሰይፉን ደብቀዋቸው ነበር?»

«አልደበቅኩም። ‹ከታች ያለውን ለይተህ አስጣው› አልኩት።»

«ሳይገዙ ተዉት?»

«ሁሉንም ወሰደው። ከዚያ ወዲያማ ሳያይ ነው የሚገዛኝ» አሉ፤ ፈገግታቸው ሳይታወቃቸው አመለጣቸው። «አንተ ልጅ፣ ስታቲስቲክስ የሚሉት ጥብቅና ነው እንዴ?»

«ሰልሚያ ስትሠራ ያየቻት የባዮሎጂ መምህርቷ ፍቅርአዲስ ናት። ደብተሮቹን አንብባለች፤ እርሻው ድረስም ሄዳለች። ለምን እርሷን አልጠየቁም?»

አቶ ጀማሉ ብርጭቋቸውን አነሱ፣ አስቀመጡ። መምህርት ፍቅርአዲስ የአብዱልሃፊዝ ተከራይ ናት። ሰልሚያ ያለፈው ሳምንት ስሟን ስታነሳ «የአብዱልሃፊዝን ደጅ ጠንቼ ልጅ አላስተምርም!» ብለው ጮኸውባታል። አሁን ይህን ለአብዱልሃፊዝ ልጅ ለመናገር አፈሩ። ስልካቸውን አወጡ።

«ሰልሚያ፣ ቅጹን ልከሽዋል?»

«እንዳሉት ሞልቼዋለሁ፣ አባ። ላክ የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አትጫኚው! ምርጫውን አጥፊና የልብሽን ሙዪው። ነገ የሚያስቆጭሽን ግን እንዳታስገቢ። ለመስካሪም መምህርት ፍቅርአዲስን፣ ሌላም እንደ እርሷ የሚያውቅሽን መምህር ጻፊ።»

«የጋሽ አብዱልሃፊዝ ግቢ እኮ ናት፣ አባ» አለች ልጅቷ በፍርሃት።

«አውቃለሁ። ስመጣ እኔው አደርስሻለሁ።»

ሊለያዩ ሲሉ ዑመይር እጃቸውን ያዘ። «የእኔን ነገር ለአባቴ...»

«የአንተን አንተው ትነግረዋለህ» አሉት። «ግን አታቆየው። የቆየ እርጥብ ዛላ ሌላውን ሁሉ ነው የሚያሻግተው።»

ወልቂጤ ሳይደርሱ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ሰልሚያን አስከትለው በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአብዱልሃፊዝን በር አንኳኩ። የከፈቱት ራሳቸው አብዱልሃፊዝ ነበሩ።

«አጃኢብ ነው! ጀማሉ በቤቴ! ግባ፣ ግባ። ዶክተራችን ትናንት ደውሎ ስለ አንተም ጠየቀኝ። ቀዶ ጥገና ሊጀምር ነው መሰለኝ፤ ጊዜም የለው።»

ነገሩ አቶ ጀማሉ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ሦስት ዓመት የሰሙትን ሁሉ የሚያወራርድ አንድ ዓረፍተ ነገር። ሰልሚያን አዩ፤ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ዓረፍተ ነገሩን ዋጡት።

«አላህ ያግዘው። ጎበዝ ልጅ አለህ፣ አብዱልሃፊዝ። ሲደውል ግን ስለ ውጤቱ አትጠይቀው። የሚማረውን ወዶት እንደሆነ ጠይቀው። እኔ የእኔዋን ዛሬ ነው የጠየቅኳት፤ ዘግይቼ።»

አብዱልሃፊዝ ወደ መምህሯ ክፍል መሯቸው።

መምህርት ፍቅርአዲስ ምስክርነቷን በዚያው ዕለት ላከች። ልጅቷ አርባ ሁለት መስመር በርበሬ ቆጥራ፣ ውኃ የሚያቁርባቸው ሰባቱ ቀድመው እንደሚጠወልጉ ማሳየቷን ጻፈች። ለድክመቷም «ራሷ ካላየችው ማንም ቢነግራት አታምንም» አለች። አቶ ጀማሉ ይህን ሲሰሙ ልጅቱ ማንን እንደወጣች መጠየቅ አላስፈለጋቸውም።

ዑመይር በሳምንቱ መጥቶ ለአባቱ ተናገረ። በአጥሩ በኩል አንድ ሰዓት ያህል ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ ምግብ የቀረበበት የሳህን ድምፅ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሰልሚያን ኮሌጁ በመጀመሪያ ምርጫዋ በእፅዋት ሳይንስ ተቀበላት። በስልክ ሲያነጋግሯት ግማሹን ሰዓት የጠየቋት ስለ ሰባቱ መስመሮች ነበር። የሚወዱትን በመምረጥ ዓመታት ከመባከን ይድናሉ፤ የሚያውቃቸውን ሰው በማስመስከርም ጠያቂው ያለ ጥርጣሬ ያምናቸዋል። አቶ ጀማሉ አሁን ለገበያ ሰው ሁሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። የአቶ ሰይፉን ደብዳቤ ሲያሳዩ ግን የመጨረሻውን መስመር ራሳቸው ያነቡና ከሁሉ አስቀድመው ይስቃሉ።

በዓመቱ አብዱልሃፊዝ ታናሿን ልጃቸውን ሳቢሪንን ይዘው ወደ በርበሬ መጋዘኑ መጡ።

«ሰልሚያ የሞላችውን ቅጽ ስጠኝ፤ ለሳቢሪንም እንዳለ እንገልብጠው። ተከራይዋ የእኔ፣ ምስክርነቱ ለአንተ ልጅ! እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ?»

አቶ ጀማሉ ልባቸው ውስጥ የቆየች አንዲት ነገር ቆንጠጥ ስታደርጋቸው ታወቃቸው። ይህችኛዋ ከሰልሚያ ብትበልጥስ? የድሮዋ ቅናት መሆኗን አወቁ። ከደረቁ መካከል እርጥብ ዛላ እንደሚለቅሙ ሁሉ ለይተው አወጧትና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ሳቢሪን፣ ማንም ሳያዝሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?»

ልጅቷ አባቷን በጎን አየች። «የተበላሸ ሬዲዮና ስልክ እፈታለሁ፣ ጋሽ ጀማሉ። እገጥመዋለሁም።»

«መቼ ነው እሱ?» አሉ አብዱልሃፊዝ ደንግጠው።

አቶ ጀማሉ እስክሪብቶና ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ። «ስትገጥሚው ያየሽ ማን ነው? የሱን ስም ጻፊ።»